ክሩ የማን ነው? የሼትላንድ ሹራብ ሠሪ ሴቶች ጉዳይ

ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ሞዴል፣ ስለ ቀለምና ስለ ገበያ ነው። ክሩን ከየት እንዳመጡት የሚጠያየቁት አልፎ አልፎ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ከሱፍ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ ጓንት ወይም ካልሲ ሠርቶ መሸጥ የሚያስብ ሰው ‹‹ክር መፍተል ልማር ወይስ ከሱቅ ልግዛ?›› ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ለእሱ ነው።

ጉዳዩ የሼትላንድ ሴቶች ነው፤ ዘመኑም በአብዛኛው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1872 የብሪታንያ መንግሥት የላከው መርማሪ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያስቀረበ ጠየቃቸው። ጥያቄውም መልሱም ተጻፈ፣ ታተመም። ስለዚህ ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደተከፈላቸውና ምኑ እንዳስመረራቸው ከራሳቸው አንደበት እናገኛለን። በእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር እምብዛም አይገኝም።

ደሴቶቹ

ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ባሕር መካከል የተበተኑ ደሴቶች ናት። 100 ያህል ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ዋና ከተማዋ ሌርዊክ ትባላለች። ነፋሱ አያባራም፤ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። መሬቱም ቤተሰብ አጥግቦ የሚያሳድር አይደለም። ወንዶቹ ወይ ራቅ ካለው ባሕር ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ወይ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር ግሪንላንድ ድረስ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ አይመለሱም። በሐምሌ 1881 የተነሣ አንድ ማዕበል ብቻ 10 ጀልባ አሰጠመ፤ 58 ሰው አለቀ። እርሻው፣ ላሟ፣ ማገዶው፣ ልጆቹ፣ ሁሉም በሴቶቹ ጫንቃ ላይ ነበር።

ለማገዶ የሚሆናቸው ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቅ አፈር ነው። እሱን በቅርጫት አዝለው ሲመለሱ እጃቸው አያርፍም። ወገባቸው ላይ የቆዳ ቀበቶ ይታጠቃሉ። ቀበቶው በፈረስ ጸጉር የተሞላ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ትራስ አለው። አንዱን የሹራብ መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ይሰኩታል። መርፌው ራሱን ችሎ ስለሚቆም እየተራመዱ መሥራት ይችላሉ። በዘመኑ የተነሡ ፎቶዎች ላይ ሴቶቹ እንዲሁ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ሸክም፣ እጃቸው ላይ ካልሲ። ሴት ልጅ ሥራውን የምትጀምረው ገና በሕፃንነቷ ነበር።

መጀመሪያ ገበያው ካልሲና ጓንት ነበር። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በየዓመቱ የሚመጡት የሆላንድ መርከበኞች ይገዟቸው ነበር። ከ1830ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንደ ዳንቴል ስስ የሆነው ሻል መጣ። ፒ ኤንድ ኦ የተባለውን የመርከብ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ አርተር አንደርሰን የደሴቶቹ ተወላጅ ነው። በ1837 ከአገሩ ሴቶች እጅ የወጣ ስስ ሥራ ለንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ አቀረበ። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሼትላንድ ሻል ታየ። ሀብታም ሴቶች ሁሉ ሻልና ዓይነ ርግብ ከሼትላንድ ይሁንልን አሉ።

ስም ወጣ፣ ገበያ ተገኘ፣ ሥራውም ወደር አልነበረውም። ታዲያ ሠሪዎቹ ለምን ደኸዩ? እዚህ ላይ ነው ክሩን ጠጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

ከበጉ አንገት እስከ ሻሉ

የሼትላንድ በግ ትንሽ ነው። ቀለሙ ከነጭ እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ በመሀል ቡኒውም ግራጫውም ብዙ ዓይነት አለው። በጋ ሲገባ አሮጌው ጸጉር ከቆዳው ራሱ መላቀቅ ይጀምራል። መቀስ አያስፈልገውም፤ በእጅ ቀስ እያሉ ይነጩታል። ወቅቱ ሲደርስ ስለሆነ በጉን አያመውም።

ጸጉሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ከአንገትና ከጉሮሮ አካባቢ የሚገኘው ከሁሉ የለሰለሰ ነው፤ ለሻል የሚለየውም እሱ ነው። የኋላ እግር አካባቢው ሻካራ ነው፤ ወፍራም ሥራ ላይ ይውላል። መለየቱ ራሱ ሙያ ነው። አዲስ ፈታዮች ይህን ደረጃ መዝለል ይወዳሉ። የበግ ጸጉር ሁሉ ሱፍ ነው ብለው አንድ ላይ ይደባልቁታል። ከዚያ ክሩ ለምን እንደሚኮሰኩስ ይገርማቸዋል።

የተለየው ጸጉር በጣት ይፍታታል፣ ገለባው ይራገፋል፣ በጥቂት ዘይት ይለዝባል፣ ከዚያ ይበጠራል ወይም ይባዘታል። እናቱ ጥጥ ስትፈትል ያየ ሰው አመልማሎን ያውቃል። ሱፉም ሲባዘት እንደዚያው ይጠቀለላል። መፍተያው በእግር የሚረገጥ ትንሽ መዘውር ነው። እግር መንኮራኩሩን ሲያዞር ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ።

አሁን እጁን እንይ። አንዱ እጅ አመልማሎውን ይይዛል። ጨብጦ አይደለም፤ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ። ሌላው ጥቂት ጥቂት ጸጉር ይስባል። መዘውሩ ሲዞር ክሩ እየከረረ ይሄዳል። ቀጭኑ ቦታ ቶሎ ይከርና ይጠነክራል። ወፍራሙ ቦታ ግን ላላ እንዳለ ይቆያል። ጎበዝ ፈታይ ይህን ታውቅበታለች። ክሩን ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው የከረረው ቀጭን ቦታ አይለቅም፤ የላላው ወፍራም ቦታ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ እሱም ይከራል። እንዲህ እያለ ክሩ ይስተካከላል። ይህን የሚከታተለው ዓይን አይደለም፣ ጣት ነው። ክረምት ላይ ቀኑ እጅግ አጭር በሆነበት አገር በዓሣ ዘይት ኩራዝ መፍተል የተቻለውም ለዚህ ነው።

ሁለት ነጠላ ክር ሲዘጋጅ ከተፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ ይገመዳል። በዚህ ክር የተሠራ ትልቅ ሻል ጎኑ ሁሉ ወደ 1.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ክብደቱ ግን 100 ግራም አይሞላም። ጠቅለል ተደርጎ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ይህ ሥራ በተለይ የሚነገርለት በሰሜን ጫፍ ባለችው በአንስት ደሴት ነው።

ሻሉ ሲያልቅ ይታጠባል። ነጭ እንዲሆን የሚፈለገው በድኝ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ የጠርዙ ጥርስ ሁሉ በክር እየተያዘ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ ውጭ ነፋስ ላይ ይደርቃል። ከመወጠሩ በፊት የተጨማደደ ጨርቅ ይመስላል። ሲወጠር ጥለቱ ሁሉ ፍንትው ይላል።

ባንኮኒው ላይ

ሴትዮዋ ሻሏን ይዛ ሌርዊክ ትወርዳለች። ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠራል። የሚጠራው በሽልንግ ነው። የሚከፍለው ግን ሽልንግ አይደለም። ሻይ ቅጠል ነው፣ አቡጀዴ ነው፣ ሪባን ነው። ዛሬ ዕቃ አልፈልግም ካለች ቁራጭ ወረቀት ይጽፍላታል፤ ሌላ ቀን መጥታ ከዚያው ሱቅ ዕቃ ትወስድበታለች።

ቤት ኪራይ ግን በሻይ ቅጠል አይከፈልም። ዱቄት የሚሸጠውም ሪባን አይቀበልም። ስለዚህ ሴቶቹ የወሰዱትን ሻይ መልሰው ለጎረቤት ይሸጡ ነበር፤ ያውም ከተቆረጠባቸው ዋጋ ባነሰ። ወይም ተሸክመው ገጠር ይወጡና በአጃ ዱቄትና በድንች ይለውጡታል። አንዳንዷ ወጣት ጥሩ ለብሳ ትታያለች፤ ቤቷ ግን የሚቀመስ የለም። ያያት ሁሉ ‹‹ይህቺ ምን ጎደለባት?›› ይላል። ልብሱ ደመወዟ መሆኑን ማን ያውቅላታል?

ነጋዴዎቹም መልስ ነበራቸው። ሻሉን ወደ ደቡብ የምንሸጠው በገዛንበት ዋጋ ነው፤ ከሻሉ አናተርፍም፣ ትርፋችን ከዕቃው ብቻ ነው ይሉ ነበር። ልብ ብሎ ላነበበው ይህ ክርክር ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። ሻል ሠሪዋ ዋጋ የማትከራከርበትን፣ አንዳንዴም የማትፈልገውን ዕቃ እንድትገዛ ካልተገደደች ንግዱ አይሄድም ማለት ነው። የእጇ ሥራ የባለሱቁ መጋዘን ማራገፊያ ሆኗል።

በምርመራው ከተነሡት ነገሮች ሁሉ የሚቆጨኝ የክሩ ነገር ነው። ባለሱቁ ለሻል ሻይ ይሰጣል፣ ጨርቅ ይሰጣል፤ የተፈተለ የሱፍ ክር ግን በልውውጥ አይሰጥም። ክር በካሽ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ካሽ የላትም፤ ያላትን ክር አሁን በሸጠችው ሻል ጨርሳዋለች። ሌላ ሻል በራሷ ልትጀምር አትችልም። የቀራት መንገድ የባለሱቁን ክር ወስዳ ለባለሱቁ መሥራት ነው። ከዚያ ወዲያ ዋጋውንም፣ ጊዜውንም፣ ዓይነቱንም የሚወስነው እሱ ነው። እሷ የሥራዋ ባለቤት መሆኗ ቀርቶ ቅጥረኛ ትሆናለች፤ ያውም ደመወዙ ሻይ የሆነ ቅጥረኛ።

ገጠር ያለችው ሁኔታዋ ትንሽ ይለያል። ጥቂት በጎች አሏት። ጸጉሩን ትነጫለች፣ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች። ክሯ የራሷ ነው። ሻሉን ለየትኛው ባለሱቅ እንደምታሳይ ትመርጣለች። ዋጋው ካልጣማት ጠቅልላ ይዛው ትመለሳለች። በካሽ የሚገዛ መንገደኛ ወይም ወይዘሮ ካገኘች ለእነሱ ትሸጣለች። ሌርዊክ ውስጥ በአንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ብቸኛ ሴት ይህ ሁሉ የላትም።

ይህን ስል ማጋነን አልፈልግም። መፍተል የቻለችውም ባንኮኒው ላይ ስትደርስ የሚጠብቃት ያው ሻይ ቅጠል ነበር። ሙያ ብቻውን ገበያን አይለውጥም። ግን ‹‹አልሸጥም›› የማለት አቅም የነበራት እሷ ነበረች፤ አቅሙም የመጣው ከክሩ ነው።

ምርመራውና ሕጉ

መርማሪው ዊሊያም ጉትሪ የሚባል የሕግ ሰው ነበር። የተላከው ሠራተኛን በዕቃ የመክፈልን ልማድ እንዲያጣራ ነው። የሰማው የሹራብ ሠሪዎቹን ቃል ብቻ አልነበረም። ዓሣ አጥማጆቹም በዚያው ወጥመድ ውስጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹ መሬት እንዳይነጠቁ ለባለመሬቱ ወይም ለነጋዴው ማጥመድ ግዴታቸው ነበር። ነጋዴዎቹም፣ ቀሳውስቱም፣ ባለመሬቶቹም ቀርበው ተናገሩ። የታተመው መዝገብ ከ17,000 በላይ ጥያቄና መልስ ይዟል።

በዕቃ መክፈልን የሚከለክል ሕግ ብሪታንያ ውስጥ ከ1831 ጀምሮ ነበር። የሼትላንድን ሴት ግን አይመለከታትም። ቤቷ ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት በሕጉ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም፤ ሻጭ ናት። ሻጭ ደግሞ በፈለገችው ትሸጣለች ይባላል። ይህ ክፍተት የተደፈነው ከምርመራው 15 ዓመት በኋላ ነው። የ1887ቱ ማሻሻያ በራስ ቤት፣ በራስ ወይም በቤተሰብ ጉልበት የተሠራ፣ ዋጋው ከ5 ፓውንድ በታች የሆነ የሱፍና ሌላም የእጅ ሥራ በነጋዴ ሲገዛ፣ ነጋዴው እንደ አሠሪ፣ ሠሪዋም እንደ ሠራተኛ እንድትታይ ደነገገ።

ሕጉ ወጣ፣ ልማዱ ግን ወዲያው አልሞተም። ባለሱቁን የከሰሰች ሴት ነገ ሻሏን ለማን ትሸጣለች? በዕቃ መለወጡ ገብ ረገብ እያለ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። በመሀል የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ በ1922 ሴንት አንድሩስ ጎልፍ ሜዳ ላይ ከሼትላንድ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በፌር አይል ስም የሚጠራውን ባለ ጥለት ሹራብ ለብሶ ታየና ያ ሹራብ ፋሽን ሆነ። ነገሩን በእርግጥ የቀየረው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ደሴቶቹ ላይ ሰፈሩ። ይበርዳቸዋል፣ ኪሳቸው ውስጥ ገንዘብ አለ። ጓንትና ሹራቡን ከሠሪዋ እጅ በካሽ ገዙ። ሕግ በሃምሳ ዓመት ያልጨረሰውን ቀጥታ ገዢ ጨረሰው።

የእጅ ፈትሉ ግን በዚህ ሁሉ መሀል እየሳሳ ሄደ። ሱፉ ወደ ዋናው ስኮትላንድ ፋብሪካዎች እየተላከ በማሽን ተፈትሎ መመለስ ጀመረ። ሻል የሚሆን ስስ ክር በእጃቸው የሚፈትሉ ሴቶች ቁጥር ተመናመነ። ይህ እኔን ያሳዝነኛል፤ ሴቶቹን ግን አልወቅስም። ለአንድ ሻል ክር ብቻ ወራት የሚፈጅን ሥራ ማን ይከፍልበታል?

ዛሬ የሼትላንድ ሱፍ ጥበቃ አለው። በ2011 የአውሮፓ ኅብረት በትውልድ ቦታ ስም መዘገበው። በየዓመቱ የሚከበር የሱፍ ሳምንትም አላቸው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሰጥ የነበረው የሹራብ ትምህርት በ2010 ሲቀር ሰዉ ዝም አላለም። ፒሪ ማከርስ በሚባሉ ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ሕፃናቱን ያንኑ ባለ ቀበቶ አሠራር ያስተምራሉ።

መፍተል ለሚማር ሰው

የዚህ ጉዳይ አንባቢ ሁሉ በግ ያርባ አልልም። የፋብሪካ ክር እየገዙ ጥሩ ኮፍያ ሠርቶ መኖር ይቻላል። ግን መፍተል የሚችል ሰው ክር ሲገዛ እንኳ አይታለልም። ግምዱን ፈታ አድርጎ ያያል። ስንት እንደተገመደ፣ ልል ይሁን የከረረ፣ ጸጉሩ ረጅም ይሁን አጭር ይለያል። በጣም የከረረ ክር ካልሲ ላይ ይቆያል፣ አንገት ላይ ግን ይቆረቁራል። ልሉ አንገት ላይ ይመቻል፣ ካልሲ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ይህን ያወቀ ሰው ሻርፑ ለምን ተልካሻ እንደሆነበት ለማወቅ አይቸገርም።

ለመጀመር ውድ መዘውር አያስፈልግም። እንዝርት ይበቃል። ጥጥ የፈተለ እጅ ግን ሱፍ ላይ ሁለት ነገር መቀየር አለበት። ጥጥ አጭር ስለሆነ በጣም ካልከረረ ይበጠሳል። የሱፍ ጸጉር ረዘም ያለና ጥቅልል ያለ ነው፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ትንሽ ከረር ካለ ይበቃዋል። ከመጠን በላይ ካከረሩት ሽቦ ይሆናል፣ ሙቀት የሚይዘው አየርም ይወጣል። ሁለተኛው እጅን ማራራቅ ነው። ሁለቱ እጆች ከጸጉሩ ርዝመት በላይ ካልተራራቁ ጸጉሩን ከሁለቱም ጫፍ ይዛችሁ ትጓተታላችሁ፤ አይሳብም።

ጸጉሩን እንደ ሥራው ምረጡ። የአገራችን የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ባና የሚባለው ብርድ ልብስና በርኖስ የሆነውም ለዚያ ነው። ብርድ መከላከል ላይ አይታማም፣ ግን ከእሱ የአንገት ዳንቴል አትጠብቁ። ለምንጣፍ፣ ለቦርሳ፣ ገበር ለሚገባለት ኮፍያ ይሁን። ለስላሳውን የምትፈልጉ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የሼትላንድ በግ ጸጉር ታጥቦና ተበጥሮ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። የፈተላችሁትን ክር ሳታጥቡ አትሥሩበት። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቃችሁ፣ ሰቅላችሁ አድርቁት። ሲታጠብ ይነፋል፣ ውፍረቱም ይለወጣል። መርፌ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሂሳቡን በተመለከተ የፈተላችሁበትን ሰዓትና ሹራቡን የሠራችሁበትን ሰዓት ለየብቻ ጻፉ። ብዙ ሰው የመፍተሉን ሰዓት እንደ መዝናኛ ቆጥሮ ዋጋ ውስጥ አያስገባውም። ከዚያ ክር ሲያልቅበት የሚገዛበት የለውም። ሱቅ ወይም ባዛር ‹‹ሥራሽን አምጪ፣ ሲሸጥ እንከፍልሻለን›› ወይም ‹‹በዕቃ እንለዋወጥ›› ካላችሁ፣ ቀሪው ላይ የፈለጋችሁትን ተስማሙ፤ የክሩን ዋጋ ግን ሥራውን ስታስረክቡ በካሽ ተቀበሉ።